የታይሮይድ ኖዱልን በአልትራሳውንድ መመዘን፦ መርፌ የሚፈልገውን ከማይፈልገው እንዴት እንለያለን?

ይህ ጽሑፍ በዋናነት አንገት ላይ ፕሮብ (የአልትራሳውንዱን መዳሰሻ) ለሚያሳርፉ ሰዎች ነው። ለራዲዮሎጂ ሬዚደንቶች፣ አልትራሳውንድ ለሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪሞችና ለራዲዮግራፈሮች። ሪፖርቱን ይዞ "ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?" እያለ እንቅልፍ ላጣ ታካሚም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ቋንቋውን በተቻለኝ መጠን ቀለል አደርገዋለሁ።

የታይሮይድ ኖዱል፣ ማለትም አንገት ላይ ባለው የታይሮይድ ዕጢ ውስጥ የሚወጣ እብጠት፣ እንደ ጉድ ሞልቷል። በእጅ ሲዳሰስ ከመቶ ሰው 4 እስከ 7 ላይ ይገኛል። በጥሩ አልትራሳውንድ ሲታይ ግን በአንዳንድ ጥናቶች ከመቶው እስከ 68 ሰው ላይ ተገኝቷል። ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ዕድሜ ሲገፋም ይጨምራል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ካንሰር ከሆኑትም ውስጥ ብዙዎቹ ቀስ ብለው የሚሄዱ ናቸው። ስለዚህ ኖዱል ማግኘት ብርቅ ነገር አይደለም። ቁም ነገሩ ያገኘነውን መመዘን ነው።

ሳይመዝኑ መርፌ ማንሳት (ከኖዱሉ ናሙና ለመውሰድ መውጋት) ምን እንደሚያመጣ ደቡብ ኮሪያ አሳይታናለች። እዚያ ከ1999 እ.ኤ.አ ጀምሮ አገር አቀፍ የካንሰር ቅድመ ምርመራ ተስፋፋ። ታይሮይድ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ግን ጤና ተቋማቱ በትንሽ ተጨማሪ ክፍያ አንገትንም በአልትራሳውንድ ያዩ ጀመር። በ2011 የታይሮይድ ካንሰር ምርመራ ውጤት ከ1993ቱ 15 እጥፍ ሆነ። በበሽታው የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም። ካንሰር የተባለው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ብዙው ሰው ዕድሜ ልኩን ሆርሞን የሚውጥ ሆነ፤ ድምፁ የተጎዳም አለ። ይህን የማነሳው ላስፈራችሁ አይደለም። ፕሮቡን የያዘ ሰው እጅ ላይ ምን ያህል ኃላፊነት እንዳለ ለማሳየት ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ነገሩ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። በአዮዲን እጥረት ምክንያት እንቅርት በደጋው አካባቢ ለትውልድ የቆየ ችግር ነው። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ ነው። ስለዚህ ዛሬ ዕድሜያቸው ከፍ ያለ እናቶች ብዙ ኖዱል ያለበት አንገት ይዘው ይመጣሉ። አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ተቆጥሮ የማያልቅ። ካንሰሩ ካለ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ መሐል በአንዱ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚገኘው። ሁሉንም በመርፌ መውጋት አይቻልም፤ ሁሉንም መተውም አይቻልም።

ፕሮቡን ከማንሳታችሁ በፊት

መጀመሪያ ጠይቁ። በልጅነት አንገት ወይም ጭንቅላት ላይ የጨረር ሕክምና ተወስዷል? በቤተሰብ ውስጥ የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ሰው አለ? እብጠቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ አድጓል? ድምፅ ጎርንኗል? ምግብ ሲዋጥ ያንቃል? የጨረሩን ጥያቄ አትዝለሉት። ከ1986ቱ (እ.ኤ.አ) የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ በአካባቢው በነበሩ ልጆች ላይ የታይሮይድ ካንሰር በግልጽ ጨምሮ ታይቷል።

ቀጥሎ የቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዝዘው ሆርሞን የደም ምርመራ) ውጤት አለ ወይ በሉ። ቲኤስኤች ዝቅ ካለ ኖዱሉ ራሱ ሆርሞን እያመረተ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ኖዱል ካንሰር የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ከመርፌ በፊት በኑክሌር ሕክምና ክፍል የሚሠራውን የታይሮይድ ስካን ማሰብ ያስፈልጋል። ስካኑ በየቦታው እንደማይገኝ አውቃለሁ። የደም ምርመራው ግን ከአልትራሳውንዱ በላይ የሚከብድ አይደለም።

ከዚህ በታች የምጠቀምበት የነጥብ አሰጣጥ ለአዋቂዎች የተሠራ ነው። ሕፃን ወይም ታዳጊ ከሆነ በዚህ ሚዛን አትወስኑ። ልጆች ላይ የሚገኝ ኖዱል ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከአዋቂዎች ከፍ ይላል፤ ለሚመለከተው ስፔሻሊስት ላኩት።

አቀማመጥና ማሽን

ታካሚዋን በጀርባ አስተኙ። ከትከሻዋ ሥር ትራስ ወይም የተጠቀለለ አንሶላ አድርጉ፤ አንገቷ ወደ ኋላ ቀለስ ይበል። ዕድሜያቸው የገፋ እናት ከሆኑ በዝግታ፦ "እማማ፣ አንገትዎን ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉልኝ። ካመመዎት ይንገሩኝ።" አንገታቸው የማይታጠፍ ሰዎች አሉ፤ አታስገድዱ።

ሐብል ይውለቅ። ማተብ ግን ይፈታ አይባልም። ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ገፋ ማድረግ ይበቃል። ሒጃብ ላደረገች ሴት ደግሞ መጋረጃውን ዝጉና መጀመሪያ አስፈቅዱ። ጄሉ እንደሚቀዘቅዝም ቀድማችሁ ተናገሩ። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር የታካሚውን ትከሻ ያላላል፤ የላላ አንገት ደግሞ ለምስሉም ጥሩ ነው።

ሊኒየር (ፊቱ ቀጥ ያለ) ፕሮብ ተጠቀሙ፤ ከ7 እስከ 15 ሜጋ ኸርዝ ባለው ውስጥ። ለሆድ የሚሆነው ኮንቬክስ ፕሮብ ለዚህ ሥራ አይመችም። በጣም ትልቅ እንቅርት ሆኖ ጠቅላላ መጠኑን ማየት ሲያቅት ብቻ ለእርዳታ ይገባል። ጥልቀቱን 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ጀምሩ፤ ትልቅ ከሆነ ጨምሩ። ፎከሱን ኖዱሉ ባለበት ደረጃ አድርጉ።

ጌይን (የምስሉ ብሩህነት ማስተካከያ) ላይ ቆም በሉ። ብዙ ስህተት የሚጀመረው እዚህ ነው። ጌይኑ ከበዛ ጠቆር ያለው ኖዱል የነጣ ይመስላል። ካነሰ ደግሞ ደህናው ኖዱል ጥቁር ሆኖ ያስደነግጣል። መለኪያችሁ የካሮቲድ የደም ቧንቧ ይሁን። ውስጡ ደም ነውና ጥቁር መታየት አለበት። ጤነኛው የታይሮይድ ሥጋ ደግሞ ከፊቱ ካሉት ቀጫጭን የአንገት ጡንቻዎች የነጣና ወጥ ሆኖ መታየት አለበት። እነዚህ ሁለቱ ልክ ሳይሆኑ ወደ ነጥብ መስጠት አትሂዱ።

ሙሉውን ዕጢ መቃኘት

ኖዱል እንዳያችሁ እዚያው አትጣበቁ። መጀመሪያ ሙሉውን ዕጢ ከላይ እስከ ታች፣ በአግድምም በቁመትም እለፉበት። ቀኝ ክንፍ፣ ግራ ክንፍ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ኢስትመስ። እንቅርቱ ከደረት አጥንት ኋላ ወርዶ ከሆነ ታችኛው ጫፍ አይታይም። "እማማ፣ እስቲ ምራቅዎን ይዋጡ" በሉ። ሲውጡ ዕጢው ወደ ላይ ብቅ ይላል፤ ያኔ ጫፉ ይታይ እንደሆነ እዩ። ካልታየ በሪፖርቱ ላይ "የታችኛው ጫፍ አልታየም" ብላችሁ ጻፉት።

መዋጡ ለሌላም ይጠቅማል። በግራ በኩል ከዕጢው ኋላ የምግብ ቧንቧው ይወጣል። ክብ ነው፤ ዳሩ ጠቆር፣ መሐሉ ነጭ። ጀማሪ ሲያየው ነጠብጣብ ያለበት አስፈሪ ኖዱል ይመስለዋል። ፕሮቡን አዙራችሁ በቁመት እዩት፤ ረጅም ቱቦ ይሆናል። ምራቅ ሲዋጥ ደግሞ ውስጡ ነጫጭ አረፋ ሲያልፍ ይታያል። ይህችን ሳያረጋግጡ በግራ በኩል የታየ ነገር ላይ ነጥብ መስጠት አያስፈልግም።

ሌላው አሳሳች ሀሺሞቶ ነው። በዚህ የዕጢ ብግነት ሥጋው በሙሉ ሸካራና ጠቆር ጠቆር ያለ ይሆናል። እዚህም እዚያም ኖዱል የመሰለ ነገር ይታያል። እውነተኛ ኖዱል ከሆነ በሁለቱም አቅጣጫ ዳር ዳሩን መከተል ትችላላችሁ። በአንዱ ታይቶ በሌላው ከጠፋ ምናልባት ኖዱል አይደለም።

አምስቱ ጥያቄዎች

የምመክረው ሚዛን የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ ያወጣውን ኤሲአር ታይራድስ ነው። አውሮፓውያኑም ኮሪያውያኑም የየራሳቸው አላቸው። የትኛውንም ብትይዙ ጥሩ ነው፤ አንዱን ከሌላው አትቀላቅሉ እንጂ። የአንዱን ነጥብ ወስዶ በሌላው መጠን መወሰን ታካሚውን ማንገላታት ነው።

ለእያንዳንዱ ኖዱል አምስት ነገር ትጠይቃላችሁ። መልሱ ነጥብ አለው፤ በመጨረሻ ይደመራል።

አንደኛ፣ ውስጡ ምንድን ነው? ሙሉ በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል ውኃ የቋጠረ ከሆነ 0። ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላና የእንጀራ ዓይን የሚመስል ከሆነም 0። ግን ዓይኖቹ አብዛኛውን የኖዱሉን ክፍል መያዝ አለባቸው፤ ጥግ ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ስላለ እዚህ ውስጥ አይገባም። ውኃውና ሥጋው የተቀላቀለ ከሆነ 1 ነጥብ። ድፍን ወይም ከሞላ ጎደል ድፍን ከሆነ 2። በካልሲየም ጥላ ተሸፍኖ ውስጡ ካልታየ እንደ ድፍን ቆጥራችሁ 2 ስጡ።

ሁለተኛ፣ ድምቀቱ እንዴት ነው? ውኃ ብቻ ሆኖ ፍጹም ጥቁር ከሆነ 0። በዙሪያው ካለው የታይሮይድ ሥጋ ጋር እኩል ወይም የነጣ ከሆነ 1። ከታይሮይዱ ሥጋ የጠቆረ ከሆነ 2። ከፊት ካሉት የአንገት ጡንቻዎች እንኳ የባሰ የጠቆረ ከሆነ 3። ድብልቅ ኖዱል ሲሆን የምትፈርዱት በሥጋው ክፍል ላይ ነው፤ የውኃው ጥቁረት አይቆጠርም። በካልሲየም ምክንያት ካልታየ 1 ስጡ።

ሦስተኛ፣ ቅርጹ። ይህ በአግድም ምስል ላይ ብቻ ይታያል። ወርዱ ከቁመቱ ከበለጠ 0። ከፊት ወደ ኋላ ያለው ቁመት ከወርዱ ከበለጠ 3 ነጥብ። ፕሮቡን አጥብቃችሁ ከተጫናችሁ ለስላሳ ኖዱል ጠፍጣፋ ይሆንና ያታልላችኋል። ክብደቱን ከእጃችሁ ላይ ቀንሱ። ዘንበል አድርጋችሁ ከቆረጣችሁትም ቅርጹ ይዛባል።

አራተኛ፣ ጠርዙ። ለስላሳ ከሆነ 0። ደብዝዞ የት እንደሚያልቅ የማይታወቅ ከሆነም 0 ነው። ይህን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። የደበዘዘ ማለት የተዘበራረቀ ማለት አይደለም። ጠርዙ በግልጽ እየታየ ሾል ሾል ያለ፣ ጥርስ ያወጣ ወይም እየጎበጠ ወደ አካባቢው ሥጋ የሚገባ ከሆነ ግን 2። ከታይሮይዱ ወጥቶ ጡንቻ ወይም ሌላ አካል ውስጥ በግልጽ ከገባ 3። ዕጢውን ወደ ውጭ ስለገፋው ብቻ "ወጥቷል" አትበሉ።

አምስተኛ፣ ነጫጭ ነገሮች። እዚህ ጊዜ ውሰዱ፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ሌሎቹ ጥያቄዎች አንድ አንድ መልስ ብቻ አላቸው። ይህኛው ላይ ግን የተገኘው ሁሉ ይደመራል።

ምንም ከሌለ 0። ከኋላው ሰፋ ጀምሮ እየጠበበ የሚሄድ ነጭ ጭራ ያለው ነጥብ ካለና ጭራው ከ1 ሚሊ ሜትር ከረዘመ እሱም 0 ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ኮሎይድ የሚባለው የዕጢው ዝልግልግ ፈሳሽ ነው፤ በውኃው ክፍል ውስጥ ሲታይ የሚያሳስብ አይደለም። ጥላ የሚጥል ትልቅ የካልሲየም ክምችት 1 ነጥብ አለው። የኖዱሉን ዳር ተከትሎ እንደ ቅርፊት የሚዞር ካልሲየም 2 ነጥብ። ጥላ የሌላቸው ጥቃቅን ነጫጭ ነጠብጣቦች 3 ነጥብ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ከታይሮይድ ካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚገኘው ፓፒላሪ የሚባለው ዓይነት ውስጥ የሚፈጠሩ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

የእንጀራ ዓይን በሚመስለው ኖዱል ውስጥ ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ ከኋላ ግድግዳው ላይ ነጭ ብልጭታ ይሰጣል። ያ ነጠብጣብ ተብሎ አይቆጠርም። እንዲያውም እንዲህ ላለው ኖዱል ሌላ ምንም ነጥብ አይጨመርም፤ በ0 ያልቃል።

የደም ዝውውር በዚህ ሚዛን ውስጥ ነጥብ የለውም። የደም ፍሰትን የሚያሳየው ዶፕለር ግን አይጣልም። በውኃ ውስጥ የተጠራቀመው የረጋ ደም ነው ወይስ ሥጋ? የሚለውን ይለያል። ደም የሚመላለስበት ከሆነ ሥጋ ነው።

መለካት

ሦስት ቁጥር ያስፈልጋችኋል። በአግድም ምስል ላይ ረጅሙን መስመር ለኩ። በዚያው ምስል ላይ እሱን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጠውን ሁለተኛ መስመር ለኩ። ከዚያ ፕሮቡን አዙሩና በቁመት ምስል ላይ ረጅሙን ለኩ። በኖዱሉ ዙሪያ ጠቆር ያለ ቀጭን ቀለበት ካለ ካሊፐሩ (የማሽኑ መለኪያ ምልክት) እሱንም ይጨምር። ዛሬ ጨምራችሁ የዛሬ ዓመት ሌላ ባልደረባ ካልጨመረው ኖዱሉ "ቀነሰ" ይባላል። የለኩበትን ምስል ከነካሊፐሩ አስቀምጡ።

ድምሩ ምን ይላል?

ድምሩ ቲአር የሚባል ደረጃ ይሰጣል። 0 ነጥብ ቲአር 1 ነው። 2 ነጥብ ቲአር 2። ለሁለቱም መርፌ አያስፈልግም፤ መጠናቸው የፈለገውን ያህል ቢሆን። ካንሰር የመሆን ዕድላቸው ከመቶ ከ2 በታች ነው።

3 ነጥብ ቲአር 3 ይባላል። ዕድሉ ከመቶ 5 አይሞላም። መርፌ የሚነሳው 2.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ከ1.5 ጀምሮ ክትትል፤ ከ1፣ ከ3 እና ከ5 ዓመት በኋላ።

ከ4 እስከ 6 ነጥብ ቲአር 4 ነው። ዕድሉ ከመቶ ከ5 እስከ 20 መሐል ነው። ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ መርፌ፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ክትትል። ክትትሉ ከ1፣ ከ2፣ ከ3 እና ከ5 ዓመት በኋላ ነው።

7 ነጥብና ከዚያ በላይ ቲአር 5። ዕድሉ ከመቶ ከ20 ያልፋል። ከ1 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ መርፌ። ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ለአምስት ዓመት በየዓመቱ ክትትል።

"ቲአር 5 ሆኖ 8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብቻ እንዴት ዝም ይባላል?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ልክ ነው። ዝም አልተባለም፤ በየዓመቱ ይታያል። በጃፓን ኮቤ የሚገኘው ኩማ ሆስፒታል ከ1993 እ.ኤ.አ ጀምሮ ከ1 ሴንቲ ሜትር የማይበልጡ የፓፒላሪ ካንሰሮችን ወዲያው ቀዶ ከማውጣት ይልቅ መከታተልን እንደ አማራጭ ሰጥቷል። አብዛኞቹ ለዓመታት ሳያድጉ ቆይተዋል። ያደጉትም በጊዜው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ጥሩ ውጤት አግኝተዋል። ትንሹ ኖዱል የአየር ቧንቧውን ተጠግቶ፣ ወይም የድምፅ ነርቭ በሚያልፍበት በኋላ በኩል ካለ ግን ብቻችሁን አትወስኑ። ቀዶ ሐኪሙን አማክሩ።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት ከዓመታት በፊት የጀመረ እንቅርት ይዘው መጡ እንበል። በቀኝ በኩል በእጅ የሚዳሰስ፣ ከሩቅ የሚታይ 3.4 ሴንቲ ሜትር ኖዱል አላቸው። እሳቸውም ያሳሰባቸው እሱ ነው፤ የላካቸው ሐኪምም ወረቀቱ ላይ የጻፈው እሱን ነው። ፕሮቡን ስታሳርፉ ከዳር እስከ ዳር ዓይን በዓይን ነው። 0 ነጥብ። ቲአር 1። አልቋል።

በግራ በኩል፣ ማንም ያልዳሰሰው፣ ከኋላ የተሸጎጠ አንድ ትንሽ ነገር አለ። ወርዱ 0.8፣ ከፊት ወደ ኋላ 1.1፣ ርዝመቱ 0.9 ሴንቲ ሜትር። ድፍን ነው፤ 2። ከታይሮይዱ ሥጋ የጠቆረ ነው፤ 2። ቁመቱ ከወርዱ ይበልጣል፤ 3። ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ 0። ውስጡ ጥላ የሌላቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ፤ 3። ድምሩ 10፤ ቲአር 5። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። መርፌው የሚሄደው ወደዚህ ነው።

መጠኑን ብቻ ያየ ሰው መርፌውን ትልቁ ላይ ሰክቶ "ደህና ነው" የሚል ውጤት ይዞ ይመለስ ነበር። እናቲቱም ደህና ነኝ ብለው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። ለዚህ ነው መልክ ይቅደም፣ መጠን ይከተል የምለው። ብዙ ኖዱል ሲኖር በሪፖርቱ ከፍተኛ ነጥብ ያላቸውን እስከ አራት ግለጹ። መርፌ ደግሞ ከሁለት ኖዱል በላይ አያስፈልግም።

የአንገት ንፍፊቶች

የሊምፍ ዕጢዎቹን ሳያዩ ፕሮቡን ማንሳት ምርመራውን ግማሽ መንገድ ላይ መተው ነው። ከታይሮይዱ ሥር ያለውን መሐለኛ ክፍል፣ ከዚያም ካሮቲዱን ተከትላችሁ በሁለቱም ጎን ከመንጋጋ ሥር ጀምሮ ከትከሻ ወደ ደረት እስከሚሄደው አጥንት ድረስ እለፉ። ጤነኛው ሞላላ ነው፤ መሐሉ ላይ ነጭ መስመር አለው። የሚያሳስበው ነጩ መስመሩ ጠፍቶ የተድቦለቦለው፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ውኃ የቋጠረ ወይም እንደ ታይሮይድ ሥጋ የነጣ ነው። እንዲህ ያለ ካገኛችሁ የኖዱሉ መጠን መርፌውን አያስቀረውም። ከንፍፊቱም ናሙና ይወሰድ።

ሪፖርቱን መጻፍ

"ብዙ ኖዱል ታይቷል፤ ከክሊኒካዊ ሁኔታ ጋር ይገናዘብ" የሚል ሪፖርት ለማንም አይጠቅምም። ለላከው ሐኪምም፣ ለታካሚውም፣ ከዓመት በኋላ ለሚያየው ሰውም። ስለ አንዱ ኖዱል ሦስት መስመር ይበቃል፦

"ግራ ክንፍ፣ መካከለኛው ሦስተኛ፣ ከኋላ። 0.8 × 1.1 × 0.9 ሴንቲ ሜትር። ድፍን፣ የጠቆረ፣ ቁመቱ ከወርዱ የበለጠ፣ ጠርዙ ለስላሳ፣ ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣብ ያለበት። 10 ነጥብ፣ ቲአር 5። በአልትራሳውንድ የታገዘ የመርፌ ናሙና ይመከራል።"

ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። ቦታ፣ መጠን፣ አምስቱ መልሶች፣ ድምር፣ ምክር። ታካሚው ከክፍለ ሀገር ከመጣ የምስሉን ቅጂ ስጡት። የሚቀጥለው ምርመራ የት እንደሚሆን አይታወቅም። አሮጌው ምስል ከሌለ ደግሞ "አደገ" ወይም "አላደገም" የሚል ሰው አይኖርም።

ክትትል ላይ አደገ የሚባለው መቼ ነው?

ሁለት ሚሊ ሜትር የእጅ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መስፈርት አለ። ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ 20 በመቶ ጨምሮ ጭማሪው በእያንዳንዱ ከ2 ሚሊ ሜትር ሳያንስ ሲቀር፣ ወይም ይዘቱ በ50 በመቶና ከዚያ በላይ ሲጨምር አደገ ይባላል። ይዘቱን ለማግኘት ሦስቱን ቁጥሮች አባዙና በ0.52 አባዙት።

ባለፈው ዓመት 1.6 × 1.2 × 1.0 የነበረ ኖዱል ዘንድሮ 1.9 × 1.4 × 1.1 ሆነ እንበል። አንድ በአንድ ስታዩት አንዱም 20 በመቶ አልደረሰም። "አላደገም" ብላችሁ ልትጽፉ ትችላላችሁ። ይዘቱ ግን ከ1.0 ወደ 1.5 ሚሊ ሊትር ሄዷል፤ ከግማሽ በላይ ጨምሯል። ስለዚህ አድጓል። ካልኩሌተር ስልካችሁ ላይ አለ፤ ተጠቀሙበት።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ውኃ የቋጠረ ኖዱል ውኃው ሲመጠጥ ይጨማደድና ጥቁር፣ ጠርዙ የተዘበራረቀ ይሆናል። አሮጌውን ምስል ያላየ ሰው አዲስ ካንሰር ይመስለዋል።

መርፌው ከተወሰደ በኋላ

ናሙናው በቀጭን መርፌ ይወሰዳል፤ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ 25 በሆነ። ጫፉን በአልትራሳውንድ እያያችሁ ወደ ሥጋው ክፍል እንጂ ወደ ውኃው አትሂዱ። ውጤቱ ቤቴስዳ በሚባለው አከፋፈል ከ1 እስከ 6 ተቆጥሮ ይመጣል። 1 ማለት ናሙናው አልበቃም ማለት ነው፤ "ካንሰር የለም" ማለት አይደለም፤ ይደገማል። 2 ደህና። 3 እና 4 መሐል ላይ ያሉ ናቸው፤ በተለይ 4 ላይ ፎሊኩላር የሚባለው ዕጢ ደህናው ይሁን ካንሰሩ በመርፌ ብቻ አይለይም። ቅርፊቱን አልፎ መውጣት አለመውጣቱ የሚታወቀው ተቀዶ ሲመረመር ነው። አዮዲን በሚያንስበት አካባቢ ይህ ዓይነቱ ካንሰር በርከት ስለሚል እኛ ጋ ልብ ሊባል ይገባዋል። 5 ጠንካራ ጥርጣሬ፣ 6 ካንሰር ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ከምስሉ ጋር አስተያዩት። ቲአር 5 ያላችሁት ኖዱል ቤቴስዳ 2 ሆኖ ከተመለሰ ፋይሉን አትዝጉ። መርፌው ትክክለኛው ቦታ ገብቶ ነበር? ወይስ ከጎኑ ያለውን ኖዱል ነው የነካው? ናሙናውን ለመረመረው ፓቶሎጂስት ደውሉ፣ ምስሉን አብራችሁ እዩ፣ በአንድ ዓመት ውስጥም አልትራሳውንዱንም መርፌውንም ድገሙት።